ውሃ ላይ ያደረ ታንኳ

ያን ጊዜ የሠራሁትን ጅልነት የጣና ሕፃን አይሠራውም። ከጎረቤቴ ከዓሣ አጥማጁ የተዋስሁትን የደንገል ታንኳ ማታውን አውጥቼ ከዛፍ በማስደገፍ ፈንታ፣ በባሕር ኃይል ቋጠሮ ከዳር አስሬ ውሃ ላይ አሳደርሁት። ደንገል የሐይቅ ዳር ሣር ነው፣ ውሃ ይጠጣል፤ ካላደረቁት ይከብዳል። ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ምጽዋ የለበስሁት ነጭ ዩኒፎርም ነው መሰል ያስረሳኝ።

ደሴቱ ላይ የመነኮሰችው ታላቅ እኅቴ ታማ «ሳልሞት ልየው» ብላ ልካለች። የሞተር ጀልባው ነዳጅ አጥቶ ቆሟል። ስለዚህ በማግሥቱ ጧት እኔ ጡረተኛው መኮንን ብቻየን ቀዘፍሁ።

ብዙም ሳልርቅ እምቦጭ ውስጥ ገባሁ። ታንኳው ሰመጥ አለ፤ ውሃው ከመቀመጫየ ደረሰ። መቅዘፊያየ አረም እንጂ ውሃ አያገኝም። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። እሷ ደግሞ ትጠብቃለች።

እንዲህ ተይዤ አውቃለሁ። መንግሥት ሲለወጥ ከመርከብ አውርደው የአንድ ቆላ አገር ገዥ አደረጉኝ። የሕዝቡን ቋንቋ አላውቅ፤ በአስተርጓሚ አዝዛለሁ፣ በአስተርጓሚ እቆጣለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ፀሐይ እስኪያዘነብል ተናገሩ። አስተርጓሚው «ተስማምተዋል» አለኝ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ገዥ ነኛ! ከግቢየ ያለ ዘበኛ አልወጣም ነበር፤ ዘበኞቹ እኔን ከሕዝቡ ይጠብቁ፣ ሕዝቡን ከእኔ፣ እንጃ።

አሁን ዘበኛም የለ። ጮህሁ። መርከበኛ ያሰልፍ የነበረው ድምፄ እንደ ግልገል ወጣ። ደግነቱ የታንኳው ባለቤት በሌላ ታንኳ መረቡን ሊያነሣ ወጥቶ ኖሮ ሰማኝ።

«አያ፣ ምን ሆነው ነው?»

«አረሙን እየጎበኘሁ ነው።»

«ታንኳየን የት አሳደሩት?»

«ውሃ ላይ።»

«ውሃ ላይ! መርከብ መሰለዎት እንዴ?»

«ቋጠሮው ግን ሸጋ ነበር።»

«ሸጋማ ነው። ታንኳው በስብሶ እሱ ይቀራል።»

ጎትቶ ወደ ራሱ ታንኳ አሻገረኝ። «ወደ ቤት ልመልስዎ?» አለኝ። «ወደ እኅቴ» አልሁት። መረቡን ትቶ አደረሰኝ።

እኅቴ ከመደቧ ቀና ብላ የሚንጠባጠብ ሱሪየን አየች። «ባሕር ኃይል እንዲህ ነው የሚመጣ?» ብላ እስክታስል ሳቀች። እጇን ይዤ ዋልሁ።

እምቦጩ ውስጥ የቀረው ታንኳ ግን አልተረፈም። ባለቤቱ ብር አልቀበል አለኝ፤ «ደንገሉን ራስዎ አጭደው ያምጡልኝ» አለ። ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ፣ እስከ ዛሬ አንድ ሸክም ደንገል አለብኝ።