የአጣቢዋ ድምፅ

የጋለ ካውያ ረጠብ ያለ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ «ጭስስ» ይላል። ራዲዮ ከስንት ዘመን በኋላ፣ ዛሬም ቢሆን፣ በሰው ቤት መስኮት ሥር ስታልፍ ይህን ድምፅ ከሰማች እርምጃዋን ታፈጥናለች። የሚያያት ሰው ባይኖርም ፊቷ ይግላል።

ራዲዮ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ስሙን ያወጡላት የልብስ ስፌት ቤቱ ባለቤትና ቆራጭ፣ ሰው ሁሉ ጋሼ መቀስ የሚላቸው ሰውዬ ናቸው። ከትምህርት ቤት ወጥታ «ሙያ ትማር» ተብላ ስትመጣ፣ እጇ ለመርፌ እንዳልተፈጠረ ለመታወቅ ጊዜ አልፈጀም። ቀጥ ያለ ስፌት ጀምራ መሐል መንገድ ላይ እንደ ጅረት ታጣምመዋለች። አንድ ቀን ጋሼ መቀስ ሰፍታ ያስረከበቻቸውን ሸሚዝ በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ዘረጉትና፣

«ለመሆኑ ይህን ያዘዘው ሰው ነው ዝንጀሮ? አንደኛው እጅጌ ጉልበቱ ላይ ሊደርስ ነው እኮ!» አሏት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በማግሥቱ ሊያሰናብቷት እንደ ነበር ማንም ያውቃል። ያተረፏት እትዬ ቁልፍ ናቸው።

እትዬ ቁልፍ ሥራቸው የቁልፍ ቀዳዳ መዘምዘምና ቁልፍ መትከል ነበር። መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ በሚያርፍበት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጣታቸው ላይ ያቺን የመርፌ መከላከያ የብረት ቆብ አጥልቀው ይውላሉ። ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «እህ» ይላሉ። የሚያናድድ ነገር ሲገጥማቸው ደግሞ «እህ… ይሁን ይለፍ» ብለው ክሩን በጥርሳቸው ቁርጥ ያደርጉታል። አንድ ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ ሳይሰናበቱ ከክፍል አይወጡም። ለውኃ እንኳ ቢነሡ «መጣሁ ልጆች» ይላሉ። ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱማ ለያንዳንዱ ሰው «ደኅና እደር፣ ደኅና እደሪ» ካሉ በኋላ፣ የስፌት መኪኖቹም ቅር እንዳይላቸው ይመስል፣ በየተራ ክዳናቸውን ዳበስ ያደርጋሉ።

ያን ቀን እሳቸው ናቸው፣ «እህ… የልጅቱን እጅ ለኔ ተዉልኝ፤ አፏን ለናንተ አድርጉት። የተማረች ናት፤ ታንብብልን። የድርሻዋን እኔ እሰፋላታለሁ» ያሉት።

በዚህ የተነሣ ቤቱ የራሱ ደንብ ወጣለት። ራዲዮ ታነባለች፤ የእሷን ሥራ ሌሎቹ ይከፋፈሉታል፤ የጠመመውን እትዬ ቁልፍ ፈትተው ያቃናሉ። እሷም በበኩሏ በመጽሐፉ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ከስፌት ቤቱ ሰው ድምፅ ትሰጠዋለች። ጄኔራል ከመጣ የጋሼ መቀስን ሳል ይስላል። ሙሽራ ከመጣች በጠርዝ ዘምዛሚዋ፣ በዚያች ለፍላፊ፣ ቅላጼ ትሽኮረመማለች። ጋሼ መቀስ «እኔ ደግሞ መቼ ነው እንደዚህ የምስለው?» ይሉና እዚያው ሲስሉ ይያዛሉ።

መጽሐፎቹ የሚመጡት ለንባብ ተብለው አልነበረም። ጋሼ መቀስ የኮሌታና የኪስ ልክ መቁረጫ እንዲሆናቸው በኪሎ ከሚገዙት አሮጌ ወረቀት መካከል የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ የተነበበ ቅጠል ተገንጥሎ ለእሳቸው ይሰጣል። ራዲዮ አንብባ ስትጨርስ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ እሷ ቀስ አድርጋ ገንጥላ ታቀብላቸዋለች፤ ትንሽ ቆይቶ ያ ሁሉ ጦርነትና ፍቅር ኮሌታ ሆኖ ግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል።

በዝናቡ ወራት አንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ተገኘ። ታሪኩ በደብዳቤ የተጻፈ ነው። የባዕድ ጦር በያዘው ከተማ ውስጥ የምትኖር አንዲት አስተማሪ ጫካ ለገባው ወንድሟ ትጽፋለች፤ ማን እንደ ታሰረ፣ ዱቄት እንዴት እንደ ጠፋ፣ ልጆቹን በጠላት ቋንቋ አስተምሪ መባሏን። የስፌት ቤቱ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጥ ነበር። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ደግሞ አንዲት አጣቢ አለች። የወታደሮቹን ልብስ ታጥባለች። አስተማሪዋ አምርራ ትጠላታለች፤ «እሷ ስታልፍ በራችንን እንዘጋለን» ብላ ጽፋለች።

ለአጣቢዋ ድምፅ ያስፈልጋት ነበር። ራዲዮም ብዙ ሳታስብ፣ አፏ ላይ እንደ መጣላት፣ «እህ… ይሁን ይለፍ፤ ወታደርም ቢሆን ቆሻሻው ያው ቆሻሻ ነው» ብላ አነበበች።

ዘምዛሚዋ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። «ኧረ እትዬን! ቁርጥ እትዬን!» አለች። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት ግን ራሳቸው እትዬ ቁልፍ ነበሩ። እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ «እስቲ ድገሚያት ልጄ» አሏት። ራዲዮ ደገመች። ከዚያ ወዲያ አጣቢዋ በመጣች ቁጥር ቤቱ ይሞቃል፤ ራዲዮም መጽሐፉ ላይ የሌለ «እህ» ጨምራ ጨማምራ ታሳምረዋለች። ማታ ስትሄድ እትዬ ቁልፍ ጉንጯን ነካ አድርገው «ነገም ታመጫታለሽ አይደል?» ይሏት ነበር።

ንባቡ ጠላት ከተማውን የለቀቀበት ደብዳቤ ላይ ደረሰ። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ዘፈነ፣ ከዚያ አጣቢዋን ከቤቷ ጎትቶ አወጣት። በአሮጌ መቀስ ጠጉሯን ሸልተው፣ የወታደር ሸሚዝ አንገቷ ላይ አስረው በከተማው አዞሯት። ራዲዮ ቤቱ የለመደውን አልነፈገችውም። «እህ… ምን አደረግኋችሁ? እህ… ተዉኝ ወገኖቼ!» እያለች በዚያው ድምፅ አስለመነቻት።

«እሰይ! ደግ አደረጓት!» አለች ዘምዛሚዋ። «የባዕድ ቡትቶ ዘፍዛፊ!»

ጋሼ መቀስ እጃቸውን ዘረጉ፤ ራዲዮ ቅጠሉን ገንጥላ ሰጠቻቸው። ያኔ ነው እትዬ ቁልፍ እንዳልሳቁ ያስተዋለችው።

«እህ… ልጆቿስ?» አሉ።

«የምን ልጆች እትዬ?»

«የአጣቢዋ። ስለ ልጆቿ ምን ይላል?»

ራዲዮ አሰበች። በፊት በተነበቡት ደብዳቤዎች ውስጥ ይኖር ይሆን? አላስታወሰችም። ልታይ ብትፈልግም እነሱ ግድግዳው ላይ ኮሌታ ሆነዋል። «ልጅ ያላት አይመስለኝም» አለች።

«ልጅ ከሌላትማ ለማን ብላ አጠበች?»

እትዬ ቁልፍ ዓይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ ቀጠሉ።

«የኔ እናት አጥባለች። ወታደሮቹ ከተማችን ሲገቡ አባቴ የለም፤ እኛ ደግሞ ብዙ ነን። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አሰጣለሁ። ገመዱ ስለማይደርሰኝ ባልዲ ገልብጬ እቆም ነበር። ይኼ ‹እህ› የምለው የሷ ነው፤ ከሷ ነው የወረስኩት። ስታነቢ፣ ልጄ፣ በሩን ከፍታ የገባች ነው የመሰለኝ። ድምፅዋን ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! ለሱ ነው ስስቅ የከረምኩት።»

«እትዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው» አሉ ጋሼ መቀስ፣ ሳላቸው እንኳ ጠፍቶባቸው።

«አውቃለሁ። የእናቴ ጠጉር ግን ልብ ወለድ አልነበረም።»

ዘምዛሚዋ ወደ መሬት አቀረቀረች። ራዲዮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ይቅር ይበሉኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ እሷ ግን ሁለቱንም አጣቻቸው። ማታ እትዬ ቁልፍ እንደ ወትሯቸው ሁሉንም ተሰናበቱ፤ ለእሷም «ደኅና እደሪ» አሏት። መኪኖቹንም ዳበሱ። ይኼ ደግሞ ከስድብ ይልቅ አመማት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ራዲዮ ግን ልታሸው ተነሣች። እትዬ ቁልፍ እንደ እናት የያዟት ሰው ነበሩ፤ በዚያ ቤት ውስጥ መቀመጫ ያገኘችው በእሳቸው ጣት ነው። እሳቸው ከጠሏት ማን አላት? ቤቷ ስትገባ አንድ ዘዴ መጣላት፤ በማግሥቱ የሚነበበውን ደብዳቤ ራሷ በልቧ ጻፈችው። ስትጽፈው አለቀሰች፤ ማልቀሷም ጥሩ ሥራ የሠራች እንዲመስላት አደረጋት።

በማግሥቱ መጽሐፉን ገለጠችና ጀመረች። አስተማሪዋ በሌሊት ተነሥታ ወደ አጣቢዋ ቤት ትሄዳለች። በር ላይ ትናንሽ ልጆች ተደርድረው ታገኛለች፤ አንዲቱ ባልዲ ገልብጣ ቆማለች። አስተማሪዋ ትንበረከካለች። አጣቢዋም «ይቅር ብዬሻለሁ፤ አንቺ ምን ታውቂ» ትላታለች። ራዲዮ ይህን ሁሉ ረጋ ባለ፣ የመማሪያ መጽሐፍ በሚነበብበት ድምፅ አነበበችው። «እህ» የሚል አልነበረበትም። እንዲያውም ከሩቅ እንኳ የእትዬን እንዳይመስል ተጠንቅቃ ነበር።

ዘምዛሚዋ አፍንጫዋን ሳበች። «አቤት! እንዲህ ያለ ልብ!»

ጋሼ መቀስ እጃቸውን ዘረጉ። «በይ ወዲህ በያት፤ ለታዘዘው ዩኒፎርም ኪስ ትሆነኛለች።»

ራዲዮ ቅጠሉን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ መገንጠል ግን አልቻለችም። ቅጠሉ አልተነበበማ። ከገነጠለችው እውነተኛው ደብዳቤ ኪስ ሆኖ ይቀራል፤ ካልገነጠለችው ነገሩ ይወጣል።

«ምነው? ተጣበቀብሽ?» አሉና ጋሼ መቀስ መጽሐፉን ራሳቸው ወሰዱት። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና የመጀመሪያውን መስመር አዩ። ክፋት የሌለበት፣ ግራ የገባው ድምፅ ነበር ከአፋቸው የወጣው። «ይኼ እኮ ስለ ጣራ ነው የሚያወራው! ጣራ ስለ ማደስ!»

«እንዴ! ከራስሽ ነው እንዴ የፈጠርሽው?» አለች ዘምዛሚዋ።

ራዲዮ ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። እትዬ ቁልፍ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ያዩዋታል። ዓይናቸው ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር።

«እህ… አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ» አሉ። «ስትሰደብ በኔ ድምፅ ነው። ጠጉሯን ሲላጯት በኔ ድምፅ ነው። ይቅርታ ስትጠየቅ ጊዜ በማን ድምፅ ሆነ?»

ራዲዮ አፏን ከፈተች።

«ተይው። ዝም ብለሽ የተጻፈውን አንብቢ።»

ጋሼ መቀስ መጽሐፉን መለሱላት። አነበበች። የመጨረሻው ደብዳቤ ነበር። አስተማሪዋ ለወንድሟ ጣራው መታደሱን፣ ትምህርት ቤቱ መከፈቱን፣ የጎረቤት ልጅ ልታገባ መሆኑን ትነግረዋለች። «ቶሎ ና፤ ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ሆኗል» ትለዋለች። ራዲዮ እየቀደመች በዓይኗ መስመሮቹን ትፈልግ ነበር፤ አንዲት ቃል እንኳ፣ አጣቢዋ ታማም ሆነ ሞታ፣ ከከተማ ወጥታ እንኳ ቢሆን። ስለ አጣቢዋ ምንም የለም። ገጹ አለቀ።

ቅጠሉን ገነጠለችው። ጋሼ መቀስ ግን እጃቸውን አልዘረጉም፤ ወረቀቱ በእጇ ውስጥ ቀረ። ዘምዛሚዋ የምትይዘው ብታጣ ካውያውን አንሥታ ረጠብ ያለ የሸሚዝ ኮሌታ ላይ አሳረፈችው። ጭስስ አለ።

እትዬ ቁልፍ የብረት ቆቧን ከጣታቸው አወለቁና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጧት። ሻርፓቸውን ከወንበሩ ጀርባ አንሥተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ገና ቀን ነበር። በመኪኖቹ መካከል አለፉ፤ በራዲዮ ወንበር አጠገብ ሲደርሱ ቀሚሳቸው ጉልበቷን ነካት። ራዲዮ «መጣሁ» እስኪሏት ጠበቀች። እሳቸው መኪኖቹንም አልዳበሱም፤ በሩን ከፍተው ወጡ።