የነጩ ካሴት መጀመሪያ

ሲይዙን ያስገቡን ክፍል የቡና መጋዘን የነበረ ነው። ጆንያው ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ሽታው ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው የሚልህ አይሰማም። እኔ ደግሞ በጆሮዬ የምኖር ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬን ቴፕ ስጠግንና ካሴት ስገለብጥ ነው የፈጀሁት። መጀመሪያ የከፋኝ ጨለማው ሳይሆን ያ ጩኸት ነበር።

አብረውኝ የገቡት ሽማግሌ ናቸው፤ ከአጋሮ ወዲህ ካለች መንደር የመጡ፣ ሰባ ያለፋቸው ቡና ገበሬ። ጥፋታቸው ምን መሰላችሁ? ያን ቀን ጠዋት ቦሳ አዲስ ሰፈር ባለችው ሱቄ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ካሴታቸውን ይጠብቁ ነበር። በቃ፣ ይኸው ነው። የያዙን ሰዎች የመጡት እኔን ፍለጋ ነው። በየቡና ከተማው እየዞርኩ የሽማግሌ ጨዋታና የሠርግ ዘፈን እቀዳ ስለነበር፣ አንድ ስብሰባ ላይ የተነገረ ንግግር ቀድተህ በትነሃል ተባልኩ። ሦስት ካርቶን ካሴቴን፣ ቴፔን ከነማይኩ፣ እኔን፣ በዚያው እሳቸውንም ጭነው ሄዱ።

"አባባ፣ በእኔ ጦስ ነው የገቡት። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ተወው ኢልመ ኮ፣ አላህ ያወጣናል" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ካሴቷስ? ደርሳ ነበር?"

ደርሳ ነበር። ሟች ባለቤታቸው ከጎረቤት ሴቶች ጋር መንዙማ ስትል የተቀዳችበት አንድ ለናቱ ካሴት ነው። ፀሐይ የካሴቱን የፕላስቲክ ቤት አጣሞት፣ ክሩ ተጨማዶ ነበር። ክሩን አውጥቼ፣ በጣቴ አስተካክዬ፣ ወደ አዲስ ነጭ ቤት አዛወርኩት። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ከካሴት ጀርባ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። እነሱ ከተሰበሩ የመቅጃው ቁልፍ እምቢ ይላል፣ በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም። እኔ የምሰብራቸው መጨረሻ ላይ ነው፤ ደንበኛው ከመጀመሪያው ሰምቶ "ይሄ ነው" ሲለኝ ስሙን እጽፍበትና እሰብራቸዋለሁ። ሰዎቹ ሲገቡ ክሩን ወደ መጀመሪያው መልሼ ላሰማቸው ስል ነበር። ስምም አልተጻፈ፣ ጥርሱም አልተሰበረ። ለማያውቅ ሰው ባዶ ካሴት ነው።

ይሄን አልነገርኳቸውም። "ደርሳለች" ብቻ አልኩ።

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል "መጀመሪያዋን ሰምተሃታል?" አሉኝ።

"የለም አባባ፣ መሃሏን ነው የሞከርኩት።"

"መጀመሪያ ላይ ዱዓ ታደርግልኛለች፤ ስሜን ጠርታ።" አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው እንደ ማፈር አሉ። "በእኛ ወግ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። አርባ ዓመት ሙሉ የልጆቼ አባት እንዳለችኝ ነው። እዚያች ላይ ብቻ፣ አንዴ፣ አመለጣት። ሴቶቹ ሲስቁባት ይሰማል።"

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልወሰደኝም።

ሦስት ቀን ሲጠይቀኝ የከረመው መርማሪ በአራተኛው ቀን ጠዋት አስጠራኝ። ቴፔ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ ካርቶኖቹ ወለሉ ላይ።

"ይሄ ኮተትህ ያጉተመትማል፤ ምንም አይሰማም። አስተካክለው" አለኝ።

ጥጥና አልኮል አስመጣልኝ። የአሮጌ ካሴት ዝገት ድምፅ የሚያነሳውን ብረት፣ ሄዱን፣ ቡናማ አልብሶታል። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጠረግኩት። ክሩን የምትጎትተውን ጎማ አጸዳሁ፤ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን ድምፁ እስኪከፈት ድረስ በጥቂት በጥቂቱ አዞርኳት። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ለዚያች ግማሽ ሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር። እጄ ሥራውን አገኘ።

"አሃ፣ ጠራ!" አለ መርማሪው። "ሰው ስትቀዳ ኖረህ የለ? እስቲ ዛሬ ደግሞ አንተ ተቀዳ።"

ዞር ብዬ እጄን እየጠረግኩ ነበር። ስመለስ ቀዩ የመቅጃ መብራት በርቷል። ውስጥ የሚዞረው ነጩ ካሴት ነው።

"ያቁሙልኝ ጌታዬ! ባዶ አይደለም እኮ፤ የሽማግሌው የሟች ሚስታቸው ድምፅ ነው!"

"ቶሎ ከተናገርክ ቶሎ ይቆማል። አብሮህ የተያዘው ማነው?"

ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገርኩ። ደንበኛ ናቸው፣ ምንም አያውቁም አልኩ። እሱ ሲጋራውን እየፈለገ ዝም አለ። ዝምታውም ያጠፋል፤ ክሩ በሄደበት ሁሉ የነበረው ይጠፋል። መጀመሪያዋ እንደሄደች ገብቶኛል። የቀረችውም ስትጠፋ ግን ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

ሦስት ቀን ሙሉ አላደረግኩም ያልኩትን አደረግኩ አልኩ። "ቀድቻለሁ፣ አባዝቻለሁ፣ በትኛለሁ። ወረቀቱን ያምጡ እፈርማለሁ፤ እሱን ያቁሙት ብቻ!" ውሸት ነበር። ያቺ ውሸት ስምንት ወር አስቀመጠችኝ።

ማቆሚያውን ተጫነ። ፈረምኩ። እሱ ወረቀቱን ሲያነብ "ክሩ እንዳይያዝ ካሴቱን ላውጣው" አልኩና ራሱን ነቀነቀልኝ። በአውራ ጣቴ ጥፍር ሁለቱንም ጥርሶች ሰበርኳቸው። ቀጭ፣ ቀጭ። ቀና አለ። በፈረምኩበት እስክሪብቶ ነጩ ቤት ላይ የሽማግሌውን ስም ጻፍኩና ካርቶኑ ውስጥ በቦታው አስቀመጥኩት።

ስመለስ ሽማግሌው የክፍላችን በር ላይ ነበር የቆሙት። "ካሴቷ ደህና ናት?"

"ደህና ናት አባባ።"

"አልሃምዱሊላህ" ብለው ቁጭ አሉ። በሳምንቱ እሳቸውን ለቀቋቸው።

እኔ ከወጣሁ በኋላ ቴፔንና አንዱን ካርቶን መለሱልኝ። ነጩ ካሴት ውስጡ ነበር። ሽማግሌው መፈታቴን ሰምተው ከአጋሮ መንገድ በጠዋት መጡና እዚያችው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ክሩን ቴፑ በላው ብዬ ልዋሽ አስቤ ነበር። አቃተኝ። ከፈትኩት።

የእኔ ድምፅ ወጣ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው የሚናገረው። ከዚያ የመርማሪው ዝምታ፣ ከዚያ "ያቁሙት ብቻ" የሚለው ጩኸቴ። ቀጥሎ ሚስታቸው ከመንዙማው መሃል ጀመረች።

"ስሜን የጠራኸው አንተ ነህ" አሉ።

"አዎ አባባ። ዋሽቼዎታለሁ።"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ክሩ እስኪያልቅ ሰሙ። ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልለው ተነሱ። በሩ ላይ "ገለቶሚ" አሉኝ። አመሰገኑኝ! ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። አሁን ለጥገና የመጣ የማንንም ካሴት ጥርሱን የምሰብረው መጀመሪያ ነው፣ ገና ክሩን ሳላስገባ። "ኧረ አቦ፣ ሳንሰማው?" ይሉኛል ደንበኞቼ። አዎ፣ ሳትሰሙት እላለሁ።

በሕይወቴ ከቀዳሁት ሁሉ እንደዚያ የራሴ ድምፅ የጠራ የለም። ሄዱን ባጸዳሁ ቁጥር ያን ቀን ትዝ ይለኛል። ያኔ ባላጸዳው ኖሮ፣ ቢያንስ የእኔ ድምፅ እንዲያ ጠርቶ አይሰማቸውም ነበር።