ያልደረሰው እንግዳ

ሴሚሲ ቫይፑሉ ማራኬይ ደሴት የገባው በትንሿ አውሮፕላን፣ ከሩዝ ጆንያዎችና ከአንድ የጀልባ ሞተር ጋር ተጨናንቆ ነው። ሃያ ዓመቱ ነበር። የፓስፊክ ደሴቶች አገር በሆነችው ቶንጋ ውስጥ ቫቫኡ ተወልዶ ያደገ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ራግቢ ሲጫወት ሁለት ሰው ካልተንጠለጠለበት የማይወድቅ ልጅ ነው። አባቱ የመንደራቸው የሞርሞን ምእመናን መሪ ናቸው። ቤታቸው ሻይም ቡናም ገብቶበት አያውቅም፤ ትምባሆማ ስሙም አይነሳ። ቤተ ክርስቲያኑ ለሁለት ዓመት ወንጌል እንዲሰብክ ኪሪባስ ወደምትባል ሌላ የፓስፊክ ደሴቶች አገር ሲልከው፣ አባቱ አንገቱን አቅፈው የነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ሰው አክብር። ጉልበትህን ግን ከፈጣሪ በቀር ለማንም እንዳታጥፍ።"

የመጀመሪያዎቹን ወራት በዋናዋ ደሴት በታራዋ አሳለፈ፤ ቋንቋውንም እዚያው ለመደ። ቅላጼው ሰውን ቢያስቅም ይግባባ ነበር። ከዚያ ወደ ማራኬይ ተዛወርክ ተባለ።

የሞርሞን ሚስዮናውያን ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ፣ ማኮብኮቢያው ዳር ሁለት ብስክሌት ይዞ የጠበቀው አዲሱ ጓደኛው ኢዮቴባ ነበር። የታራዋ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ።

"ሻንጣህን ለሰዎቹ ስጣቸው" አለው ኢዮቴባ። "ቤት ከመግባታችን በፊት ደሴቱን እንዞራለን።"

"ለምን?"

"ማራኬይ የረገጠ ሁሉ መጀመሪያ ይዞራል። ደሴቱ መሃል ያለውን ሐይቅ በግራ፣ ባሕሩን በቀኝ ታደርግና መንገዱን ትይዛለህ። ደሴቱን የሚጠብቁ አራት ሴቶች አሉ ይባላል። እያንዳንዳቸው ዘንድ ትቆማለህ፣ ትምባሆ ቢጤ ታስቀምጣለህ፣ ጉንጭህን አሸዋ ይቀቡሃል፣ አለቀ።"

"ሴቶቹ በሕይወት አሉ?"

"ድንጋይ ናቸው።"

ቫይፑሉ ብስክሌቱን እንደያዘ ቀረ። "አንተ አድርገኸዋል?"

"አድርጌያለሁ። ፓስፖርት እንደማስመታት ቁጠረው።"

"ፓስፖርት የሚመታልኝ ሰው ነው። እኔ ለድንጋይ ትምባሆ አላስቀምጥም።"

"አንተ ሰውዬ፣ በመጀመሪያው ቀንህ ጣጣ ውስጥ አትክተተን።"

"አላስቀምጥም አልኩህ እኮ።"

ኢዮቴባ ሰማዩን አየ፣ ጓደኛውን አየ፣ ከዚያ ብስክሌቱን አዞረ። በቀጥታ ራዋናዊ ወደሚባለው መንደር፣ ወደተከራዩበት ግቢ ሄዱ።

ግቢው የእማማ ቴቦራ ነው። ቴቦራ ባሏ የሞተባት፣ ስልሳውን ያለፈች፣ ምንጣፍ በመጎንጎን የምትታወቅ ሴት ናት። ልጇ ታራዋ እየተማረ ሳለ ተጠምቃ ሞርሞን ሆነች፤ ደሴቲቱ ላይ ያሉት የቤተ ክርስቲያኑ አባላት እሷን ጨምሮ አንድ ምንጣፍ ይበቃቸዋል። ሁለቱን ወጣቶች ስታይ ፊቷ በራ፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ቫይፑሉን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘችው።

"ጉንጭህ ላይ አሸዋ የለም" አለች።

"አልዞረም" አለ ኢዮቴባ።

"ኧረ ልጄ!" አለች ቴቦራ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ሩዝና የተጠበሰ ዓሣ አቀረበችለት፣ መኝታውንም አሳየችው፤ ዓይን ዓይኑን ግን አላየችውም።

በማግስቱ ታላቅ ወንድሟ ካሞሪኪ መጣ። ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱ ነው፤ ካቶሊክ ነው፤ ማኔያባ በሚሉት ትልቅ የስብሰባ ዳስ ውስጥ እሱ ካልተናገረ ነገር አይቋጭም። ግቢው ውስጥ ባለው የእንጨት ቆጥ ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀመጠ። ቫይፑሉ ተነስቶ እጁን ዘረጋለት። ካሞሪኪ እጁን አልፎ ኢዮቴባን ጠየቀ።

"ይሄ የቶንጋው ልጅ መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ይኸው እኮ ነው አባባ።"

"የት?" አለ ካሞሪኪ ግቢውን እየቃኘ። "እኔ ማንንም አላየሁም።" ከዚያ ዓይኑ የቫይፑሉ ደረት ላይ ያለችው ጥቁር የስም ሰሌዳ ላይ አረፈ፤ የሞርሞን ወጣት ሰባኪዎች ማዕረጋቸው ሽማግሌ ነው። "ሽማግሌ ቫይፑሉ ይላል፤ አንብቡልኝ እስቲ፤ ልክ ነኝ? ሽማግሌ! ጢም ሳያበቅል ሽማግሌ፣ ሳይደርስ እንግዳ። የናንተ ቤተ ክርስቲያን ቸኩላለች መሰል።"

ቴቦራ ሳቋን በምንጣፏ ሸፈነች። ቫይፑሉም ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን ማን እንደሚስቅለት አላወቀም።

ሰዉ ሁሉ እንደ ካሞሪኪ ሆነ። የጮኸበት የለም፣ የሰደበው የለም። ብቻ ደሴቱን ስላልዞረ፣ ለእነሱ ቫይፑሉ ገና አልመጣም ነበር። ሁለቱ በየቤቱ ሲዞሩ ሰው ለኢዮቴባ ምንጣፍ ያነጥፍለታል፣ ለጋ ኮኮናት ይቆርጥለታል፣ "ብቻህን ነው የመጣኸው? ጓደኛ አልላኩልህም?" ይለዋል። ቫይፑሉ አጠገቡ ቆሞ። ሱቅ ሄዶ ሳሙና ቢጠይቅ ባለሱቋ ወደ መንገዱ እያየች ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጥና ወደ ጓሮ ትገባለች። ኢዮቴባ መጀመሪያ ሰሞን እየሳቀ "ወንድሜ፣ መንፈስ ቅዱስ እንኳ እንዳንተ አልተሰወረም" ይለው ነበር። በኋላ ቀልዱን ተወው።

ቫይፑሉ ጉልበቱን ማሳየት ይሻላል ብሎ አሰበ። ካሞሪኪ ባባይ የሚተክልበት ጉድጓድ ግድግዳው ተንዶ ነበር። ባባይ ቅጠሉ ከሰው የሚበልጥ፣ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው፤ እርጥብ ጉድጓድ ካልተቆፈረለት በዚያ አሸዋ ላይ አይበቅልም። ቫይፑሉ አካፋ አንስቶ ገባ። በአባቱ እርሻ ላይ ያደገበት ሥራ ነው፤ ጭቃው እስከ ጭኑ፣ ሸሚዙ ግንድ ላይ፣ ያለ ወሬ ቆፈረ። ለቀናት ተመላልሶ ግድግዳውን በድንጋይ ደግፎ አስተካከለው። ካሞሪኪ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ከረመ።

ሲያልቅ አንድ ጎረቤት መጥቶ አደነቀ። "ደህና ተሠርቷል! ማን ቆፈረልህ?"

"በራሱ ነው የተቆፈረው" አለ ካሞሪኪ።

ያን ዕለት ቫይፑሉ ገላውን ሲታጠብ በንዴት ባልዲውን ረገጠው። ኢዮቴባ "ዝም ብለህ ዙር እኮ ነው ያልኩህ" አለው። ቫይፑሉ ግን አባቱን እያሰበ ነበር። ንቀቱን ለእምነቱ ሲል እንደሚቀበለው መከራ ቆጥሮታል፤ እንዲያውም በልቡ ትንሽ ኮርቶበታል። መከራው የማን እንደሆነ አላስተዋለም ነበር።

ያስተዋለው የካሞሪኪ ልጅ የጠፋ ጊዜ ነው። ልጁ ቱና ዓሣ ሊያጠምድ በትንሽ ጀልባ ወጥቶ ሞተሩ ቆመበት፤ ነፋሱ ገፍቶ ወሰደው። መንደርተኛው ባሕሩ ዳር ተሰበሰበ። ማንም ለቴቦራ ክፉ ቃል አልተናገራትም። ግን ስትቀርብ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ፤ ስትቀመጥ ቦታ ይሰፋላታል፤ ማለት ከአጠገቧ ይነሳሉ። ደሴቱን ሳይዞር የቀረ ሰው መዓት ያመጣል ይባላል፤ ያሳደረችው ደግሞ እሷ ናት። ቴቦራ ምንጣፏን ትታ፣ ምግብ ትታ፣ ከባሕሩ ዳር ሳትነሳ ዋለች።

ቫይፑሉ ውሃ ይዞላት ሄደ።

"ጠጪ እማማ።"

"አስቀምጠው ልጄ።"

"ይሄን መዓት እኔ እንዳመጣሁት ታምኛለሽ?"

"እኔ የማምነው ክርስቶስን ነው" አለች። "ግን እናቴ እዚህ ነው የወለደችኝ። ሬሳዬን የሚያነሱትም እነዚህ ናቸው። አንተ ነገ ትሄዳለህ።" ንግግሯ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱን የጎዳውም ይኸው ነው።

የካሞሪኪ ልጅ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተገኘ፤ ሌላ ዓሣ አጥማጅ ጎትቶ አመጣው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር እንጂ ደህና ነበር። ሰዉ በጭፈራ ተቀበለው። ቴቦራም አለቀሰች፤ ግን ሴቶቹ አጠገቧ አልተመለሱም።

ቫይፑሉ ማኮብኮቢያው ዳር፣ ኔትወርክ የምትይዝበት ቦታ ሄዶ ታራዋ ላለው የሚስዮኑ ኃላፊ ደወለ። ሁሉንም ነገረው። ቫይፑሉ ከኃላፊው ረጅም ስብከት ጠብቆ ነበር።

"እንድትሰግድ የጠየቀህ አለ?" አለው ኃላፊው።

"የለም። መቆም ነው። ትምባሆ ግን አለ።"

"ትምባሆውን ተወው። ሌላውን ከጓደኛህ ጋር ጸልዩና ወስኑ። ትልቅ ሰው ነህ።"

በማግስቱ ጠዋት ቫይፑሉ ካሞሪኪ ቤት ሄዶ ደጁ ላይ ቆመ። "አባባ፣ ደሴቱን ልዞር ነው። የማውቀው መንገድ የለም። ምራኝ።"

ካሞሪኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አየው። "ብስክሌት ላይ አልወጣም፤ ወገቤን ያመኛል።"

"በእግር ነው የምሄደው።"

"በእግር! ታዲያ ቶሎ አትልም ነበር፣ ፀሐይ ሳይከር።"

ኢዮቴባ ተጨምሮ ሦስቱ ሐይቁን በግራ አድርገው ሄዱ። ካሞሪኪ መንገዱን በሙሉ አወራ፤ ልጁ ሲጠፋ ያልተናገረውን ሁሉ ያኔ ተናገረው። የመጀመሪያው ቦታ በዛፎች መካከል ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፤ አናቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አለው። የምትጠብቀው ሮቲያ የምትባል ጥርሷ ያለቀ አሮጊት ናት። ቫይፑሉ ፊት ለፊቷ ቆሞ ያዘጋጀውን ተናገረ።

"እማማ፣ የመጣሁት ሰዉንና ደሴቱን ላከብር ነው። ወደ ድንጋዩ አልጸልይም። ትምባሆም አላመጣሁም፣ እምነቴ አይፈቅድም። ብስኩት ይዣለሁ።"

ሮቲያ ካሞሪኪን አየች። "ምንድነው የሚለው?"

"ትምባሆ የለኝም ነው የሚለው።"

"ታዲያ እኔ ምን ላጭስ ነው?" አለች ሮቲያ። "ድንጋዮቹማ መቼ አጭሰው ያውቃሉ!" ብስኩቱን ተቀብላ አሸተተችና "ይሄ ደግሞ የረጠበ ነው" ብላ ከጎኗ አስቀመጠችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አሸዋ ዘገነች። "ዝቅ በል፤ አንተ የኮኮናት ዛፍ፣ እንዴት ልድረስብህ?"

ቫይፑሉ ጉልበቱን ሳያጥፍ ከወገቡ ጎንበስ አለ። ሻካራው አሸዋ ሁለቱን ጉንጮቹን ነካው። አንዳች ነገር ይሰማኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ወይ ጸጸት፣ ወይ ቅዝቃዜ። የተሰማው ረሃብ ብቻ ነው።

ሌሎቹ ሦስት ቦታዎች ላይም እንዲሁ ሆነ። መሸት ሲል የቫይፑሉ ጫማ ተረከዙን ልጦት፣ ካሞሪኪ በኢዮቴባ ትከሻ ተደግፎ፣ ራዋናዊ ገቡ። ባለሱቋ ከደጃፏ ላይ "እንዴ! እንኳን ደህና መጣህ! መቼ ገባህ?" አለችው።

"ዛሬ" አለ ቫይፑሉ።

ካሞሪኪ በሳምንቱ ማኔያባው ውስጥ የእንግዶች ቦታ ላይ አስቀመጠውና ተነስቶ፣ የባባዩን ጉድጓድ ማን እንደቆፈረ በሰው ሁሉ ፊት ተናገረ። ረጅም ንግግር ነበር፤ ጥልቀቱንም አጋኖታል። የቴቦራ ጎረቤቶች ምንጣፋቸውን ይዘው እየመጡ ከእሷ ጋር መጎንጎን ጀመሩ።

ቫይፑሉ ማራኬይ ላይ ሰባት ወር ቆየ። ያጠመቀው ሰው አልነበረም። እሁድ እሁድ ሁለት ወጣቶች መዝሙሩን ሊሰሙ ይመጡ ነበር፤ ስብከቱ ሲጀመር ይወጣሉ። ካሞሪኪ ካቶሊክነቱን አልተወም፤ "አንድ ጊዜ ዞሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልዞርም" ይላል።

ለአባቱ የነገራቸው ከዙረቱ በኋላ በመጣው ሰኞ ነው፤ ሚስዮናውያን ቤተሰባቸውን የሚያነጋግሩበት ቀን። ማኮብኮቢያው ዳር ቆሞ የባባዩን ጉድጓድ፣ አሸዋውን፣ ድንጋዩን፣ አሮጊቷን ሳይደብቅ ተረከላቸው። ስልኩ የተቋረጠ መስሎት "አባባ?" አለ።

"አለሁ።" ከበስተጀርባ የአሳማ ጩኸትና እናቱ ሰው ስትጣራ ይሰማል። በመጨረሻ አባቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ያ የቆፈርከው ጉድጓድ" አሉ፣ "ውሃው ስንት ክንድ ላይ ወጣ?"

ነገራቸው። አሸዋ ላይ ግድግዳ እንዴት እንደቆመለት ጠየቁት፤ ድንጋዩን እንዴት እንደደረደረው አስረዳቸው። ምን ዓይነት ፍግ እንደሚያደርጉበት፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ምን እንደሚደረግ፣ ሥሩ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠየቁት። የማያውቀውን ካሞሪኪን ጠይቆ በሚቀጥለው ሰኞ ሊነግራቸው ተስማሙ። ከዚያ ስልኩን እናቱ ተቀበለች።