እማማ አስካለ ያላመኑት ጥይት

ዊንጌት አካባቢ የአንድ አዳራሽ ፈታሽ ነኝ። መግቢያው ላይ ሰው በውስጡ የሚያልፍበት የብረት መፈተሻ በር አለን። ብረት ሲያገኝ ይጮኻል፤ ብረቱ ባለበት በኩልም ቀይ መብራት ያበራል። ጠዋት ጠዋት ቁልፌን ይዤ እያለፍኩ እሞክረዋለሁ፤ ተሳስቶ አያውቅም።

ባለፈው ሰርግ ነበረና አንድ አዛውንት ሲያልፉ ጮኸ። ቀበቶ አስፈታኋቸው፣ ሳንቲም አስወጣኋቸው፤ አሁንም ጮኸ። ከኋላ የተሰለፈው ሚዜ ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

«አባባ፣ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ እንዴ?» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ጥይት ነዋ ልጄ! ከወታደርነቴ ጊዜ ጀምሮ ጭኔ ውስጥ አለ። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ አላመነችኝም!» አሉና ዞረው ተጣሩ፤ «አስካለ! ነይ ስሚ!»

እማማ አስካለ ከሰልፉ ወጥተው መጡ። አባባ ደረታቸውን ነፍተው እንደገና አለፉ። በሩ ጮኸ፣ ሰልፈኛው አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

እማማ ግን ዓይናቸውን ከመብራቱ አልነቀሉም።

«አንተ ሰውዬ፣» አሉ፣ «የበራው በግራ እግርህ በኩል ነው። ታዲያ ዘንቢል ያዝልኝ ባልኩህ ቁጥር የምታነክሰው ለምን በቀኝህ ነው?»