የቀጥቃጭ ስም በስልክ ማውጫው

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ሚኒሶታ፣ ሮዝቪል ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራ ነበር። ማለዳ ማለዳ ገላቸውን የማጥባቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወሬ ይወዳሉ። አያቶቻቸው ከጀርመን እንዴት እንደመጡ፣ ስንት ላም እንደነበራቸው ሳይነግሩኝ ፎጣ አያስነሡኝም። አንድ ቀን በራቸው ላይ የተለጠፈው ስማቸው፣ ሽሚት፣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አሉኝ። ከየት አውቄ!

«ቀጥቃጭ ማለት ነው፤ ብረት ቀጥቃጭ» አሉኝ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሮጬ በሩን ዘጋሁት።

ኮሪደሩ ላይ ሁለት የአገሬ ልጆች አልጋ ያነጥፋሉ፤ እንዳይሰሙባቸው ብዬ ነው። አንጀቴን በሉት። ምነው እኚህ ሰውዬ ሰው ሳይጠይቃቸው በገዛ አፋቸው አወጡት አልኩ።

እኔ ራሴ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። ይህን ሚኒሶታ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ባሌ እንኳ አባትሽ ምን ይሠራል ሲለኝ ገበሬ ነው ብዬዋለሁ። በመንደራችን ሰው የአባቴን ማረሻ ይገዛል፣ በማጭዱ ያጭዳል፤ ቤታችን ግን እህል አይቀምስም፤ እኔ ሳልፍም ሕፃኑን በነጠላ ይሸፍናል። ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ይላል። ልጅ ሆኜ አባቴ ጅብ ሲሆን ለማየት ብዬ አንድ ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ። ሲያንኮራፋ አደረ። አማቴም አንዴ የጎረቤት ልጅ «ቡዳ አገባ» ብለው ሲያማርሩ ሰምቼ፣ ባሌ ካወቀ ትዳሬ አበቃለት ብዬ ነበር።

ሽማግሌው በሩን ለምን ዘጋሽ አሉኝ። ሰው እንዳይሰማ አልኳቸው። ሳቁብኝና የስልክ ማውጫውን ከመሳቢያ አስወጡኝ። ገለጥኩ፤ ሽሚት። ገለጥኩ፤ አሁንም ሽሚት። የሪችፊልድ ከተማው፣ የፕሊማውዝ ከተማው፣ ሐኪሙ፣ ጠበቃው። ኧረ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ። እንግሊዞቹ ስሚዝ የሚሉትም ያው ቀጥቃጭ ነው አሉኝ። ስሚዝማ ሱፐርቫይዘሬ ናት! ታቦት እንዳየ ሰው ደርቄ ቀረሁ።

ለምን እንዲህ እንደበዙም አስረዱኝ። ድሮ በየመንደሩ አንድ ቀጥቃጭ ነበር፤ ያለ እሱ የሚያርስ የለም፣ የፈረስ ኮቴ ላይ ብረት የሚመታ የለም። የቱ ሰውዬ ሲባል «ቀጥቃጩ» ይባላል፤ መጠሪያው ለልጅ ልጅ ተረፈ። በየመንደሩ አንድ ስለነበረ ስሙም አገሩን ሞላው። እኛም መንደር እኮ እንደዚሁ ነበር፤ ያለ አባቴ የሚያርስ አልነበረም። ይህን እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ አስቤው አላውቅም።

አባቴን ወረዳው ከተማ ቴሌ ድረስ በቀጠሮ እያስጠራሁ አናግረው ነበር። ብረት ስለሚያግልበት ወናፉ ካነሣ ጉዴ ይፈላል ብዬ መኝታ ቤት ገብቼ እዘጋለሁ፤ ባሌ ላናግራቸው ሲለኝም መስመሩ ተቋረጠ እላለሁ። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ግን ሳሎን፣ ባሌ ቴሌቪዥን እያየ ደወልኩ። በየገጹ ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኩት።

«አይደበቁም?» አለኝ አባቴ።

«አይደበቁም አባዬ። የደበቅኩህ እኔ ነኝ። ቀጥቃጭ መሆንህን ለባሌ እንኳ አልነገርኩም» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ባሌ ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ተነሥቶ መጣና እጁን ዘረጋ፤ ስልኩን ሰጠሁት። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት «ጤና ይስጥልኝ አባባ» ሲለው ሰማሁ።