ሐዘን የተቀመጠ ባሕር

ኡናይሲ የደሴት መንደሯን ጥብቅ ባሕር ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት። ድምፅዋ ከጀልባዋ ሞተር ይበልጣል እያሉ ይቀልዱባታል። የመንደሩ አለቃ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ሲሞት እንደ ልማዱ ባሕሩም አብሮ ሐዘን ተቀመጠ። እስከ መቶኛው ሌሊት መረብ የሚጥልበት፣ ጀልባ የሚያስገባበት የለም። ባሕሩን ሳይደፈር እስከዚያ ማድረስ የእሷ ድርሻ ሆነ። ከቀብሩ ወዲህ ለወንድሟ ልታደርግለት የቀራት ይኸው ብቻ ነበር።

መቶው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ቪማል የሚባል ፊልም አንሺ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ዓሣውን ሊቀርጽ ከዋና ከተማው መጣ። ማኅተም ያረፈበት የቀረጻ ፈቃድ ይዟል፤ ፈቃዱ ግን በዚያው ሳምንት ያበቃል። ወጉን ስለሚያውቅ ጫማውን አውልቆ አዳራሹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠና ለመጠጥ የሚወቀጥ አንድ እስር የያንጎና ሥር ለእጅ መንሻ ከፊቱ አኖረ። የመንደሩ ቃል አቀባይ ያንን አንስቶ ካጨበጨበ ተፈቀደ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

ቃል አቀባዩ አጎቷ ኬሌፒ ናቸው። እንግዳ ሲያዩ እጃቸው ይፈጥናል። ገና ሲዘረጉ ኡናይሲ ከሴቶቹ መካከል፣

"አጎቴ፣ እጅዎን ይሰብስቡ" አለች።

"ምን ሆንሽ አንቺ? ሰውየው ዓሣ ላጥምድ አላለም። ምስል ብቻ ነው የሚቀርጸው።"

"ለቅሶ ቤት ገብቶ መቅረጽስ ደግ ነው?"

"የሞተው ወንድምሽ ነው እንጂ ዓሣው አይደለም" አሉ ኬሌፒ። ወንዶቹ ሳቁ።

"ይሁና። እርስዎ ሲሞቱ በማግስቱ እንከፍተዋለን። ያኔ ቅር እንዳይልዎ።"

ሳቁ ወደ ሴቶቹ ዞረ። ኬሌፒ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ። "ይቺ ልጅ ከማሕፀን ጀምራ ስትከራከር ነው የመጣችው" አሉ።

ቪማል ወረቀቱን አውጥቶ አሳያት። "እማማ፣ ይህ ፈቃድ ካለፈብኝ ሌላ ማግኘቴን እንጃ" አላት።

"አውቃለሁ ልጄ። መንደሩ አብሮህ ሄዶ ይለምንልሃል። ዛሬ ግን አትግባ።"

ሥሩ መካከላቸው ተቀምጧል፤ የሚነካው ጠፋ። በመጨረሻ ቪማል ራሱ ሳብ አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"የአባቴን አስከሬን በወጋችን ወንዝ ዳር ስናቃጥል ካሜራዬን ቤት ትቼ ነው የሄድኩት" አለ።

በማግስቱ ኡናይሲና ኬሌፒ ከእሱ ጋር ከተማ ወረዱ። ኬሌፒ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ውስጥ ከሟቹ አያት ጀምረው የዘር ሐረግ መቁጠር ያዙ። ገና አባትየው ላይ ሳይደርሱ ጸሐፊው ፈቃዱን አራዘመላቸው።

መቶኛው ሌሊት ባለፈ ጠዋት ኡናይሲ ጥቁሯን አውልቃ አበባ የፈሰሰበት ቀሚስ ለበሰች። ቪማልን ከነካሜራው ጀልባዋ ላይ አሳፍራ ከሁሉም ፊት ቀደመች። ሴቶቹ እየዘፈኑ መረባቸውን ይዘው ወረዱ። ባሕሩ ያን ያህል ጊዜ ያሳረፈውን ሁሉ መለሰ፤ ዓሣው ከጀልባዋ ሥር እንደ ደመና ሲያልፍ ውሃው ጠቆረ፣ መረቡን አሥር ሴቶች ጎትተው አልቻሉትም። ኬሌፒ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ዘለው ገቡላቸው።

"ጀልባዋን ያዝልኝ" አለች ኡናይሲ ለቪማል፤ ሞተሩን አጥፍታ እሷም ወደ ውሃው ወረደች።