አርብ አርብ የሚበጠስ መስመር

አርብ አርብ መስመሩ ይበጠስ ነበር። ሌላ ቀንም አልፎ አልፎ ይበጠሳል፤ አርብ ግን ሪፖርቱ ግማሽ መንገድ እስኪሄድ ጠብቆ የሚመጣ ይመስል ነበር። ያኔ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የግብርና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን የዘር፣ የዝናብና የተባይ ወሬ ጽፌ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ባሕር ዳር መላክ ነው። የምልከው በሞደም ነበር። ሞደሟ ከኮምፒውተሩ ጎን የተቀመጠች፣ ፊቷ ላይ ቀይ መብራቶች የሚጠቅሱባት ግራጫ ሳጥን ናት። በተራ የስልክ መስመር ቁጥር ትመታለች፣ ታፏጫለች፣ ትጮኻለች፤ ባሕር ዳር ካለችው ቢጤዋ ጋር ከተግባባች ዝም ብላ ትሠራለች። መሥሪያ ቤቱ ያለው አንድ መስመር ብቻ ስለነበር እሷ ስትሠራ ስልክ የለም።

እኔ ሰው ከማባበል ዕቃ መፈተሽ የሚቀለኝ ሰው ነኝ። ዕቃ ሲበላሽ ምክንያት አለው፤ ደግሞም አያኮርፍም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ እኔም ከሥሩ ጀመርኩ። ገመዱን ቀየርኩ። የግድግዳውን ሶኬት ፈትቼ ዝገቱን በምላጭ ፋቅኩ። ወሩ ሐምሌ ነበርና ከጉና የሚወርደው ጉም ምሰሶው ላይ ያለውን መገጣጠሚያ አርሶት ይሆናል ብዬ የስልክ ሠራተኛ አስጠራሁ። ሰውየው ወጥቶ አየውና «ደረቅ ነው» ብሎ ወረደ። ቢንቀራፈፍም የማይበጠስ ይሻለኛል ብዬ ፍጥነቱን ዝቅ አደረግኩ። ተንቀራፈፈም፣ ተበጠሰም።

ኃላፊያችን የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። ሞደሟን ያገኛት ብርድ ነው ይሉ ነበር። «ጨርቅ ጣል አድርግባት እንጂ፤ የዚህ አገር ብርድ እንኳን ፕላስቲክ በሬም ይጥላል» አሉኝ አንድ ጠዋት፣ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከትተው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ጨርቁን ግን አለበስኳት። ኃላፊ ናቸዋ።

በአንድ ነገር እኮራ ነበር። መስመሩ በተበጠሰ ቁጥር ተነስቼ እንዳልጎረጉር፣ ፕሮግራሙ ወዲያው መልሶ እንዲደውል አድርጌው ነበር። ሲበጠስ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ትንሽ ቅጭል ይልና ዝም ይላል፤ ከዚያ ሞደሟ ቁጥሯን መምታት ትጀምራለች። ሞደም ቁጥር ሲመታ የስልክ ደወል መነካካቱ የታወቀ ስለሆነ ቅጭልታውን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

በዚህ መሃል ዓይኔ እትዬ ላይ አረፈ። እትዬ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛችንን ነው። ከአንበሳሜ ወዲያ ካለ ገጠር ባላቸው ሲሞት ወደ ከተማ የገቡ፣ ረጅም፣ ቁጡ ሴት ናቸው። በወለወሉት ወለል ላይ ጭቃ ጫማ ይዞ የገባን ኃላፊም ቢሆን አይምሩም ነበር። ዓረብ አገር የሄደች አንዲት ልጅ እንዳለቻቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በላይ የማውቀው አልነበረም፤ ጠይቄም አላውቅ።

ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር እትዬ አርብ አርብ ከክፍሌ እንደማይወጡ ነው። ሌላውን ቢሮ በአንድ ትንፋሽ ያዳርሱና የኔን ሲይዙ ይዘገያሉ። የጠረጴዛውን እግር ይወለውላሉ፣ መስኮቱን ይወለውላሉ፣ የተወለወለውን መልሰው ይወለውላሉ። የስልኩ ገመድ ያለው ወለሉ ላይ ነው፤ መወልወያቸው ደግሞ ውሃ ያንጠባጥባል። መስመሩ የሚበጠሰው አርብ፣ እትዬ ክፍሌ የሚከርሙትም አርብ። ማስረጃው ሁሉ እሳቸው ላይ ሆነ።

«እትዬ» አልኳቸው፣ «እባክዎ አርብ አርብ እዚህ ክፍል አይግቡ። ውሃው መስመሩን እየነካብኝ ነው።»

ቀና ብለው ስልኩን አዩ፤ ቀጥለው እኔን።

«በሩ አጠገብስ ብቀመጥ?» አሉኝ።

«ግድ የለም እትዬ፣ ሌላ ቀን እኔው ራሴ እወለውለዋለሁ» አልኩ። ለደግነት አስቤው ነበር። ባልዲያቸውን አንስተው ወጡ። በሚቀጥለው አርብ ዝናቡ ሲወርድ በረንዳው ጥግ ላይ ተቀምጠው በመስኮት አየኋቸው። መስመሩም እንደ ልማዱ ተበጠሰ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ሌላ መላ ስላልነበረኝ ማዳመጥ ጀመርኩ። ሞደም እንደ ደንቡ ከተግባባች በኋላ ድምፅዋን ታጠፋለች፤ እንዳታጠፋ የሚያደርግ ትእዛዝ ግን አለ። ያንን ሰጠኋትና ቁጭ አልኩ። ቢሮው ቆርቆሮ ላይ ዝናብ እንደሚወርድበት ቤት ሿ አለ። ጸሐፊዋ ራሴን አመመኝ ብላ በሩን ዘጋችብኝ። ከረፋዱ ላይ በጩኸቱ መሃል አንዲት ቀጭን «ጢጥ» ሰማሁ። መስመሩ ተበጠሰ። ስልኩ ቅጭል አለ፣ ሞደሟ ቁጥር መምታት ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጢጥ፤ ተበጠሰ።

ጢጧን አውቃታለሁ። እያወራህ ሳለ ሌላ ሰው ሲደውልልህ «እዚህም ሰው አለ» ብላ የምታሳውቅ ናት። አንድ ሰው ለኃላፊው ብሎ በመስመራችን ላይ አስከፍቷት ኖሮ ሞደሟ በደነገጠች ቁጥር ትለቃለች። የሚበጥሰን ዝናብም፣ ብርድም፣ መወልወያም አልነበረም። ሰው እየደወለልን ነበር። ምክንያቱን በማግኘቴ ደስ አለኝ፤ የሚደውለው ማን ይሆን ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ለማረጋገጥ ያህል ፕሮግራሙ መልሶ እንዳይደውል ከለከልኩትና ጠበቅኩ።

ጢጥ አለች። ተበጠሰ። ቅጭል የምትለዋ ደወል በዚህ ጊዜ አልተቋረጠችም፤ ስልኩ በሙሉ ድምፁ ጠራ። አነሳሁት።

«ግብርና ነው?» አለች አንዲት ሴት። ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል፤ የራሴም «አዎ» ዞሮ ጆሮዬ ይገባል።

«ወንድሜ፣ እባክህ አትዝጋብኝ። እናንተ ዘንድ የምታጸዳው እናቴ ነበረች። ቀኑን ብቻ ንገረኝ። አርባዋ እንዳያልፈኝ።»

«የምን አርባ?»

«አውቄዋለሁ እኮ። መጀመሪያ ወንዛዬ ሄዳለች አላችሁኝ። ከዚያ ወዲህ በደወልሁ ቁጥር እያነሳችሁ ትዘጉብኛላችሁ። ያፏጫል፣ ይጮኻል፣ ይዘጋል። መርዶ መንገር ከብዷችሁ ነው፤ አልፈርድባችሁም። ቀኑን ብቻ።»

እትዬ በእርግጥም ጉልበታቸውን ሲያማቸው ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ሰንብተው ነበር። ያን ሳምንት መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ስላልሠራ ስልኩን ያነሳችው ጸሐፊዋ ናት። ያለችውም እውነቱን ነው፦ ወንዛዬ ሄደዋል፣ ደህና ናቸው፣ አታስቢ። እትዬም ሲመለሱ «ልጅዎ አርብ ደውላ ነበር» ተብለው ስልኩን መጠበቅ ያዙ። ከዚያ መብራቱ መጣ፣ ሞደሟም ሥራዋን ያዘች። ኋላ እንደሰማሁት ልጅቷ አሠሪዎቿ ለጸሎት የሚወጡት አርብ ስለሆነ የምትደውለው አርብ ብቻ ነው፤ እኔም ሪፖርት የምልከው አርብ። በደወለች ቁጥር መስመሩ ይበጠሳል፣ የሷ ጥሪ ሊገባ ሲል ደግሞ የምኮራበት ፕሮግራም ቀድሞ ያነሳና ጆሮዋ ላይ ቁጥር ይመታባታል። የቀረው ሁሉ በራሴ ውስጥ ቦታ ቦታውን ያዘ።

«እናትሽ ደህና ናቸው» አልኳት። «ግቢ ውስጥ ናቸው፣ አሁን እጠራልሻለሁ።»

ስናገር ራሴን ሰማሁት። ሰው አገር ላለ ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም። አጠገቡ የሚደግፈው ሰው እስኪገኝ ድረስ «ደህና ናቸው፣ አሁን ወጣ ብለው ነው» ይባላል፤ ወሩ ይገፋል፣ አንዳንዴም ዓመቱ። እኔም ለአጎቴ ልጅ ብዬዋለሁ። አሁን ያልኩት ቃል በቃል ያንኑ ነው። እውነት መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ቃል ፈለግኩ፣ አጣሁ።

«እሺ» አለች፣ «እግዜር ይስጥህ።» ያላመነ ሰው ነው እንዲህ የሚያመሰግን።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። እትዬ ቧንቧው አጠገብ መወልወያ ይጨምቁ ነበር። «እትዬ፣ ስልክ። ልጅዎ» ስላቸው መወልወያውን ጭቃው ላይ ጥለው ሮጡ። ያ የታመመ ጉልበት እንዴት እንደታዘዛቸው አላውቅም። የራሳቸውን ወለል በጭቃ ጫማ እየረገጡ ገቡ።

«ልጄ» አሉ። «እኔ ነኝ። እናትሽ ነኝ። የኔ እመቤት፣ የኔ ዓለም።»

ከወዲያ ልቅሶ ተሰማ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜም ይሰማኝ ነበር። «አክስቴ» ትላለች ልጅቷ፣ «አክስቴ፣ አንቺም አትድከሚ፤ አውቄዋለሁ።» እትዬ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው ወደኔ ዞሩ። «እህቴን ነሽ ትለኛለች። ድምፃችን አንድ ነው። ምን ልበላት አንተ ልጅ?» አሉኝ።

እኔ ምን አውቅና። ገመድ ቢሆን ይቀይሩት እላቸው ነበር። መልሰው ያባብሏት ጀመር፤ አንጀቴ አሏት፣ እናቴ አሏት። ባባበሏት ቁጥር ልቅሶው ባሰ። አስለቃሽም ሆነ መርዶ አዘግይ እንዲሁ ነው የሚያባብለው። እኔ የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቆምኩ።

ከዚያ ልጅቷ አንድ ነገር አለች። ፀጉሯን ተላጭታ ነበር።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ወገባቸው ቀና አለ።

«ምን አልሽ? ፀጉርሽን? ሙታለች ብሎ ማን ነገረሽ? ያን ፀጉር በስንት ቅቤ ያሳደግሁት ለፉጨት ብለሽ እንድትላጪው ነው? አንቺ ደንቆሮ። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ነገር ሳታጣሪ መሮጥ ነው ሥራሽ። ያቺን ጥጃ ጅብ በላት ብለሽ አገር አላቀስሽ፣ ጥጃዋ ከጎተራው ኋላ ተኝታ። አሁን ደግሞ እኔን ገደልሽኝ? መላጣሽን ይዘሽ ነው የምትዳሪው?»

ከወዲያ ምንም አይሰማም። መስመሩ ተበጠሰ ብዬ ደነገጥኩ።

«እማዬ» አለች ልጅቷ።

እትዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፣ ስልኩን እንደያዙ። እኔ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ያን ቀን ሪፖርቱ አልተላከም።

ከዚያ ወዲህ ሪፖርቱን ሐሙስ ሐሙስ መላክ ጀመርኩ፤ አርብ ሞደሟን ከግድግዳው እነቅላታለሁ። ኃላፊው መስመሩ መሻሉን አይተው ጨርቁ ነው ያዳናት አሉ። ኃላፊ ናቸውና አልተከራከርኩም። እትዬም ወደ ክፍሌ ተመለሱ፤ እስከ ሶኬቱ ሥር ድረስ ይወለውሉ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ልጅቷ በደወለች ቁጥር እትዬ በደስታ ይቀበሏትና ከወዲያ ዝምታ ይመለሳል። ደህና ቃል ስትሰማ ትጠራጠር ነበር። ቁጣ ሲጀምሩ ነው የምትስቀው። ፀጉሯ ተመልሶ እስኪያድግ ድረስ፣ ካደገም በኋላ፣ እትዬ ስልኩን አንስተው ሰላምታ ሲሰጡ ሰምቼ አላውቅም። ሐሙስ ከሰዓት፣ እኔ ሞደሟን እየጠበቅኩ እሳቸው ገመዶቼ መሃል እየወለወሉ፣ ድንገት መወልወያውን ያቆሙና በሐሳብ ተውጠው ይጠይቁኛል፦

«አንተ ልጅ፣ ነገ በምን ልቆጣት?»